የተሰበረ ክርን ለመጠገን ደህናው አጥንት ለምን ይቆረጣል?

ጥያቄ፦ «ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው፤ ጅማ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ከ6 ቀን በፊት ባጃጁ ተገልብጦበት ቀኝ ክርኑ ተሰበረ። ራጅና ሲቲ ስካን ተነሥቶ የላይኛው ክንድ አጥንት ታችኛው ጫፍ መገጣጠሚያው ውስጥ ብዙ ቦታ ተሰባብሯል ተባልን። ሐኪሙ ‹ከኋላ ከፍቼ፣ የክርኑን ጫፍ አጥንት ቆርጬ እገባለሁ፤ ስብራቱን በሁለት ብረት ካሰርኩ በኋላ የቆረጥኩትን መልሼ እገጥመዋለሁ› አለን። ሌላ ሐኪም ደግሞ ጫፉ ሳይቆረጥም ይሠራል ይላል። አባታችን ‹ደህናውን አጥንት ምን አስቆረጠው? አጋሮ ጥሩ ወጌሻ አለ› ብለው አስጨንቀውናል። የጎረቤታችን የ7 ዓመት ልጅም ክርኑ ተሰብሮ ሳይቀደድ በሽቦ ብቻ ነው የዳነው። ማንን እንስማ? እጁስ እንደ ድሮው ይሆንለታል?»

ከጎረቤታችሁ ልጅ እንጀምር፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና። ልጅ ከዛፍ ወይም ከአጥር ወድቆ ክርኑ ሲሰበር፣ አብዛኛውን ጊዜ አጥንቱ የሚቀነጠሰው ከመገጣጠሚያው ከፍ ብሎ ባለው ስስ ቦታ ነው። መገጣጠሚያው ራሱ አልተነካም። ሐኪሙ በሰመመን አጥንቱን ስቦ ወደ ቦታው ይመልሳል፤ በራጅ እያየ በቆዳው በኩል ሁለት ወይም ሦስት ቀጭን ሽቦ ይሰካል፤ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ሽቦው ይነቀላል። የልጅ አጥንት ቶሎ ይገጥማል፤ ለአንድ ወር ቢታሰርም ክርኑ ደርቆ አይቀርም። የወንድምዎ ስብራት ግን መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቷል፣ ቁራጮቹ ብዙ ናቸው፣ አጥንቱም የአዋቂ ነው። ክርኑ እየተንቀሳቀሰ ቀጭን ሽቦ ብቻውን እነዚህን ቁራጮች ይዞ አይቆይም። እንዳይላቀቁ ተብሎ ለስድስት ሳምንት በጀሶ ቢታሰር ደግሞ ክርኑ እንደታጠፈ ይደርቃል፤ የደረቀ የአዋቂ ክርን በኋላ ማላላት ስብራቱን ከመጠገን ይከብዳል። ስለዚህ «በሽቦ ብቻ» የሚለው ምርጫ ለእሱ የለም።

የአባትዎ ጥያቄ ግን ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ለማግኘት ክርን እንዴት እንደተሠራ ማየት ያስፈልጋል። የላይኛው ክንድ አጥንት ወደ ክርን ሲወርድ እንደ ሁለት ምሰሶ ይከፈላል፤ አንዱ በውስጥ ጎን፣ አንዱ በውጭ ጎን። በሁለቱ መካከል እንደ ክር ማጠንጠኛ መሃሉ ጎድጎድ ያለ፣ በልም አጥንት የተለበጠ ለስላሳ ክፍል ተጋድሟል። የታችኛው ክንድ አጥንት እንደ መንጠቆ ሆኖ ይህን ማጠንጠኛ አቅፎ ይዞራል። ጠረጴዛ ስንደገፍ የሚቆረቁረን የክርን ጫፍ የዚያ መንጠቆ የኋላ ክፍል ነው፤ ክንድን የሚዘረጋው ትልቁ የኋላ ጡንቻም ጅማቱን የተከለው እዚሁ ጫፍ ላይ ነው።

ሐኪሙ ማየትና ማስተካከል ያለበት ማጠንጠኛውን ነው። ከፊት እንዳይገባ፣ ወደ እጅ የሚወርዱት ዋናው የደም ሥርና ትላልቅ ነርቮች የሚያልፉት በዚያ ነው። በአንድ ጎን ብቻ ቢገባ አንዱን ምሰሶ እንጂ ሁለቱን አያገኝም፤ የውጭ ጎን መንገድ የሚመቸው በአውራ ጣት በኩል ያለው የታችኛው ክንድ አጥንት ክርኑ ጋ ባለው አናቱ ላይ ሲሰበር ነው። በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ መሥራትም ለዚህ ዓይነት ስብራት አይሆንም፤ ብረቶቹ በዚያ ቀዳዳ ገብተው አይታሰሩም። የቀረው ከኋላ መግባት ነው። ከኋላ ደግሞ በሩን የዘጋው ያው የክርን ጫፍና ጡንቻው ነው። ሁለቱ ሐኪሞች የተለያዩትም እዚህች ነጥብ ላይ ብቻ ነው፦ ይህን ጡንቻ ምን እናድርገው?

የቆዳው ቅድ በሁሉም መንገድ ተመሳሳይ ነው። ታካሚው በጎኑ ወይም በደረቱ ተኝቶ ክንዱ ለስላሳ መደገፊያ ላይ ይንጠለጠላል። ቅዱ ከክንዱ ጀርባ ተነሥቶ፣ የክርኑን ሹል ጫፍ በትንሹ ዞሮ፣ ወደ ታችኛው ክንድ ይወርዳል፤ በአዋቂ 15 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሊረዝም ይችላል። ርዝመቱ አያስደንግጣችሁ፤ በጠባብ ቅድ ቆዳውን እየጎተቱ መሥራት ቁስሉን ይጎዳዋል። ቆዳው እንደተከፈተ፣ ሌላ ምንም ሳይነካ በመጀመሪያ የሚፈለገው አልናር ነርቭ ነው፤ ክርናችን ሲመታ እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝረን እሱ ነው። ነርቩ ከውስጠኛው ምሰሶ ጀርባ ተለጥፎ ስለሚያልፍ ተለቅቆ፣ በለስላሳ ጥብጣብ ተይዞ፣ ሥራው እስኪያልቅ ከዓይን አይጠፋም።

አሁን ወደ ጡንቻው። ሁለተኛው ሐኪም ያሰበው ሳይሆን አይቀርም የምለው፣ ጡንቻውን ሳይነኩ በግራና በቀኙ ገልጦ መግባት ነው። ከሁሉም ረጋ ያለ መንገድ ይህ ነው። ምንም የሚቆረጥ ስለሌለ የሚጠገንም የለም፤ የመዘርጋት ጉልበት አይቀንስም፤ እንቅስቃሴ ወዲያው ይጀመራል። ሌላም መልካም ነገር አለው፤ በዚህ ተጀምሮ የሚታየው ካልበቃ ወደ ጫፍ መቁረጥ መሻገር ይቻላል። ስብራቱ ከመገጣጠሚያው በላይ ከሆነ፣ ወይም ማጠንጠኛው በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ለሁለት ብቻ ከተሰነጠቀ እኔም የምመርጠው ይህንኑ ነው። ድክመቱ የማጠንጠኛው የፊት ገጽ በደንብ አለመታየቱ ነው። ፊት ለፊት የተላጡ ቁራጮች ካሉ በጣት ዳሰሳና በግምት መግጠም ይመጣል፤ በመገጣጠሚያ ውስጥ ግምት ዋጋ ያስከፍላል። አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር የምታህል ደረጃ እንኳ ልም አጥንቱን እየፈጨች ከዓመታት በኋላ ክርኑን ታሳምማለች።

ጡንቻውን መሃል ለመሃል መሰንጠቅና ከጫፉ ላይ ልጦ ወደ አንድ ጎን ማጠፍም አሉ። በሁለቱም አጥንት አይቆረጥም፤ ነገር ግን ጅማቱ ከአጥንቱ ስለሚላቀቅ በአጥንት በተበሱ ቀዳዳዎች በኩል በጠንካራ ክር ተመልሶ ይሰፋል። ጅማት ከአጥንት ጋር ተመልሶ የሚጣበቀው ቀስ ብሎ ነው። ስፌቱ ቢላላ ሰውየው ክንዱን ወደ ላይ የመግፋት አቅም ያጣል፤ መላላቱም በራጅ አይታይም።

የመጀመሪያው ሐኪም የመረጠው የክርኑን ጫፍ ቆርጦ፣ ጡንቻው እንደተያያዘበት ወደ ላይ እንደ ክዳን መገልበጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በአስከሬን ክርኖች ላይ የተሠራ የንጽጽር ጥናት ልዩነቱን በቁጥር አሳይቷል፦ ጡንቻውን በመሰንጠቅ ከመገጣጠሚያው ገጽ 35 በመቶ፣ ልጦ በማጠፍ 46 በመቶ፣ ጫፉን በመቁረጥ 57 በመቶ ይታያል። ከፍተኛው እንኳ ሁሉንም አያሳይም። መቁረጥ ጌጥ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ ብዙ ቁራጭ ባለበት ክርን በ35ና በ57 መካከል ያለው ልዩነት አንድን ቁራጭ በማየትና ባለማየት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

አቆራረጡም «ሰበሩት» እንደሚባለው አይደለም። መንጠቆው ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ መሃል አካባቢ፣ በተፈጥሮው ልም አጥንት ያልለበሰ ጠባብ ቦታ አለ። መቁረጫው የሚያነጣጥረው እዚያ ነው፤ ስለዚህ የሚንሸራተተው ገጽ እምብዛም አይጎዳም። ቅርጹ ቀጥ ያለ ሳይሆን ሹሉ ወደ እጅ ያመለከተ የ«ቪ» ቅርጽ ነው፤ ሲመለስ እንደ አናጺ ማያያዣ ተቆላልፎ ወደ ጎን አይንሸራተትም። በቀጭን መጋዝ አብዛኛው ውፍረት ከተቆረጠ በኋላ የመጨረሻው ስስ ክፍል በመሮ ይከፈላል። መጋዝ አጥንት በልቶ ክፍተት ይተዋል፤ በመሮ የተከፈለው ግን ሸካራ ጠርዙ ሲገጥም ጥርስ በጥርስ ይያያዛል። ብሎን ወይም ብረት የሚታሰርበት ከሆነ ቀዳዳው ሳይቆረጥ በፊት ይበሳል፤ በኋላ ትክክለኛ ቦታውን ማግኘት ያን ጊዜ ቀላል ነው። መዝጊያው ብዙውን ጊዜ 1.6 ወይም 2 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ቀጥ ያሉ ሽቦዎችና በስምንት ቁጥር ቅርጽ የተጠመጠመ 1 ሚሊ ሜትር ሽቦ ነው፤ አንዳንዱ ሐኪም ትንሽ ብረት ይመርጣል። ከዚያ በኋላ የሚገጥመው አጥንት ከአጥንት ጋር ነው፤ መግጠሙም በራጅ ይታያል።

ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። ከቆዳ ሥር የሚቀሩት የሽቦ ጫፎች ጠረጴዛ ሲደገፉ ይቆረቁራሉ፤ አጥንቱ ከገጠመ በኋላ በሌላ አነስተኛ ቀዶ ሕክምና ሊወጡ ይችላሉ። የተቆረጠው ጫፍ ራሱ ሳይገጥም የሚቀርበት ጊዜም አለ፤ ይህ ብዙ ጊዜ የአስተሳሰሩ መላላት ወይም የመቸኮል ውጤት ነው፤ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ላይ ደግሞ አጥንት ዘግይቶ ይገጥማል። አጥንታቸው የሳሳ አረጋውያን ላይ ቁራጮቹ ብሎን የማይይዙ ሆነው ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ሊታሰብ የሚችል ከሆነ ጫፉን መቁረጥ ስሕተት ነው፤ ያ መገጣጠሚያ የሚተከለው በዚሁ አጥንት ውስጥ ነውና። ለ34 ዓመት ሠራተኛ ግን ሰው ሠራሽ ክርን አይታሰብም፤ ዕድሜ ልክ ከባድ ነገር ማንሳት ይከለክላል።

ውስጥ ከተገባ በኋላ ያለው ቅደም ተከተል ብዙ አያከራክርም። መጀመሪያ የማጠንጠኛው ቁራጮች በቀጫጭን ሽቦ ለጊዜው ተያይዘው አንድ አካል ይሆናሉ፤ ከዚያ ያ አካል ከሁለቱ ምሰሶዎች ጋር በሁለት ብረት ይታሰራል። መሃል ላይ የተፈጨና የጠፋ አጥንት ካለ ብሎኑን አጥብቆ መጭመቅ ማጠንጠኛውን ያጠብበዋል፤ የጠበበ ማጠንጠኛ ላይ መንጠቆው ይጣበቃል። ብረቶቹ በግራና በቀኝ ፊት ለፊት ቢቀመጡም፣ አንዱ በውስጥ ጎን ሌላው ከኋላ በውጭ ቢቀመጥም በደንብ ከታሰሩ ሁለቱም ያዋጣሉ፤ በዚህ ላይ ሐኪም አታስጨንቁ። አንድ ብረት ብቻ ግን ለዚህ ስብራት አይበቃም። ከመዘጋቱ በፊት ክርኑ ሙሉ በሙሉ ታጥፎ ተዘርግቶ መታየት አለበት፤ ወደ መገጣጠሚያው ያለፈ ብሎን ካለ በዚያ ሰዓት ይገኛል።

ወጌሻውን በተመለከተ ለአባትዎ በአክብሮት፣ ግን ሳልሸፋፍን እናገራለሁ። በጣም የሠለጠነ እጅ እንኳ በቆዳ ላይ ሆኖ መገጣጠሚያ ውስጥ የተገለበጠን ቁራጭ ሊያቃና አይችልም። ማሸቱ ደግሞ ጉዳት ያመጣል፦ የተጎዳ ክርን ሲታሽ ጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊበቅል ይችላል፤ ከዚያ ክርኑ ይቆለፋል። ከሁሉ የከፋው በቀርከሃና በጨርቅ ጠብቆ መታሰሩ ነው። ክንዱ እያበጠ ማሰሪያው ሲጠብቅ ደም ይቋረጣል፤ በአገራችን ሆስፒታሎች እጅና እግር ከሚቆረጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ማንም ይሰረው ማን፣ ጣቶቹ ሲዘረጉ የሚብስና በማስታገሻ የማይመለስ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ መቀዝቀዝ ወይም መገርጣት ከታየ ማሰሪያው ወዲያው እስከ ቆዳው ይፈታ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂድ። እዚህ ላይ የሚቆጠረው ሰዓት ነው፤ ጡንቻው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ መሞት ይጀምራል።

ስድስተኛ ቀን ላይ መሆናችሁ ጥሩ ነው። ይህ ቀዶ ሕክምና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ቢሠራ ይመረጣል፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቁራጮቹ በተሳሳተ ቦታቸው መጣበቅ ስለሚጀምሩ ጠርዛቸው ይጠፋል፣ ነርቩም በጠባሳ ይታሰራል። ቆዳው ውኃ ቋጥሮ ከሆነ እስኪረጋ ጥቂት ቀን መጠበቅ ትክክል ነው። ሐኪሙ ስለ እብጠቱ ብሎ ቢያዘገየው ቸልተኝነት አይደለም። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ግን አንድ ቀንም አይታደርም፤ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት፣ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያና እጥበት በዚያው ቀን ይሰጣል። አዲስ አበባ ይሻላል ብላችሁ 350 ኪሎ ሜትር ግድም ከመጓዛችሁ በፊት በቅድሚያ የቀጠሮ ቀን በእጃችሁ ይኑር፤ ያለ ቀጠሮ ሄዶ አልጋ መጠበቅ እነዚያን ሁለት ሳምንታት ይበላል። ጅማ ውስጥ ሊሠራ የሚችል የአጥንት ቀዶ ሐኪም፣ በቀዶ ክፍሉ ውስጥ የሚሠራ ራጅና ተገቢው ብረት ካለ እዚያው ይሠራ፤ ክትትሉና ፊዚዮቴራፒውም ለቤታችሁ ቅርብ ይሆናል።

ብረቱን ቤተሰብ ገዝቶ ያምጣ ከተባላችሁ ዝርዝሩን በጽሑፍ ተቀበሉ። ለክርን ተብለው ታጥፈው የሚሠሩት ብረቶች የቀኝና የግራ፣ የውስጥ ጎንና የውጭ ጎን እየተባሉ ይለያያሉ፤ የግራ ክንድ ብረት ለቀኝ አይሆንም። ብረቱና ብሎኑ ከአንድ ዓይነት ማዕድን የተሠሩ ይሁኑ፤ የማይዝግ ብረትና ቲታኒየም ቀላቅሎ ማሰር መሸርሸር ሊያመጣ ይችላል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ግማሽ ሥራ የወንድምዎ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እጁ ከልቡ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ጣቶቹን ከነቃበት ሰዓት ጀምሮ ያንቀሳቅስ። ሐኪሙ አስተሳሰሩ ጠንካራ ነው ካለ ክርኑ በጥቂት ቀናት፣ ቢበዛ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ መታጠፍና መዘርጋት ይጀምራል፤ በራሱ ጉልበትና በሌላኛው እጁ እገዛ፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ። ሌላ ሰው በግድ አይግፋው። «እንዲዘረጋ» ብሎ ባልዲ ወይም ጀሪካን ማንጠልጠል የተለመደ ጥፋት ነው፤ ክርኑ ይቆጣል፣ የበለጠም ይደርቃል። ጫፉ ስለተቆረጠ ለስድስት ሳምንት በዚያ እጅ ተመርኩዞ ከወንበር መነሣት፣ በር መግፋት፣ ባጃጅ ገፍቶ ማስነሣት የለም፤ ጡንቻው ሽቦውን ይስበዋልና። ስፌቱ ከ10 እስከ 14 ቀን ይወጣል፤ ራጅ በ6ና በ12 ሳምንት ይነሣል። መሪ መያዝ የሚፈቀደው አጥንቱ መግጠሙ በራጅ ሲረጋገጥ ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ሦስት ወር ገደማ ይወስዳል። የ60 ኪሎ የቡና ጆንያ መሸከም ከዚያም በኋላ በሐኪም ፈቃድ እንጂ በራስ ግምት አይሞከርም።

«እንደ ድሮው ይሆናል?» ላሉት፣ ሙሉ በሙሉ ቀጥ ብሎ የሚዘረጋ ክርን ቃል አልገባላችሁም። እንዲህ ከተሰባበረ በኋላ የመጨረሻዎቹ 20 ወይም 30 ዲግሪዎች መቅረታቸው የተለመደ ነው። ለዕለት ኑሮ የሚያስፈልገው ግን ከ30 እስከ 130 ዲግሪ ያለው እንቅስቃሴ ነው፤ በዚያ እንጀራ ይጎርሳል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ መሪ ይይዛል። ግቡ ይህ ይሁን። አብዛኛው ለውጥ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ይመጣል፤ እስከ አንድ ዓመትም ይሻሻላል። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ለጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ቢደነዝዙ ነርቩ ስለተነካካ ሊሆን ይችላል፤ መደንዘዙ እየባሰ ከሄደ ወይም ጣቶቹን መበተንና መሰብሰብ ካቃተው ቀጠሮ ሳይጠብቅ ይታይ። መግል፣ ትኩሳት ወይም ከሳምንት በኋላ እየጨመረ የሚሄድ ሕመምም እንዲሁ።

ማንን እንስማ ላላችሁት፣ የመጀመሪያውን ሐኪም ስሙ። ሁለተኛው ስለ ቀላሉ ስብራት ትክክል ነው፤ እናንተ የነገራችሁኝ ግን ብዙ ቁራጭ ያለበትን ነው። ልዩነቱን ለመቁረጥ አንድ ጥያቄ ይበቃችኋል፤ ሲቲ ስካኑን አሳይታችሁ «የማጠንጠኛው የፊት ገጽ የተላጠ ቁራጭ አለው ወይ?» በሉ። ካለ ጫፉ ይቆረጥ። የለም፣ መስመሩ አንድ ነው ከተባለ በጎንና ጎን ተጀምሮ አስፈላጊ ከሆነ ብቻ እንዲቆረጥ መስማማት ይቻላል፤ የፈቃድ ወረቀቱም ሁለቱንም ይጥቀስ። ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ ሐኪሙ የትንሿን ጣት ስሜትና የጣቶቹን ጉልበት መርምሮ ካርዱ ላይ እንዲጽፍ ጠይቁ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ድንዛዜ ቢኖር ከአደጋው ይሁን ከሥራው የሚታወቀው በዚያ ነው። ወንድምዎ እስከዚያው ክርኑ በመደገፊያ ታጥፎ ይቀመጥ፣ ማንም አይሸው፤ ጣቶቹን ግን ከዛሬ ጀምሮ በየሰዓቱ ይጨብጥና ይዘርጋ።